አዛሊያ፣ ካሜሊያ፣ ጋርዴኒያ ወይስ ሮዶደንድረን? ቀንበጥ ቆርጣችሁ ልታባዙ ካሰባችሁ የትኛው ይሻላችኋል

ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያሉ ሰፈሮች በአዛሊያ ሮዝና ነጭ ሲሆኑ ስልኬ ስራ ይበዛበታል፣ ጥያቄው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፣ "ያቺ ደጃፍ ላይ ያለችው ቀይዋ አበባ ስሟ ማነው? ቀንበጥ ቆርጬ ብተክላት ትበቅላለች ወይ?" መልሱ የትኛዋ ናት የሚለው ላይ ነው የሚወሰነው። ናርሰሪ ስትሄዱ አዛሊያውም ካሜሊያውም ጋርዴኒያውም ፒየሪሱም ጎን ለጎን ነው የተደረደሩት፣ ሁሉም ታግ ላይ አሲዳማ አፈር ይወዳል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም ተብሎ ተጽፏል፣ ስለዚህ ሰው አንድ ዓይነት አያያዝ ያላቸው ይመስለዋል። ቀንበጥ ቆርጦ ስር ማስያዝ ሲመጣ ግን አንዱ በ2 ወር ስር ይዞ ቁጭ ሲል ሌላው 4 ወር ተንከባክባችሁት ግንዱ ጠቁሮ ይቀራል።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በአክስቴ ምክንያት ነው። አሌክሳንድሪያ 22 ዓመት የኖረችበትን ቤት ሸጣ ልጇ ጋ ልትገባ ስትል እቃው ሁሉ ተጭኖ እሷ ደጃፍ ቆማ አንዷን ነጭ አዛሊያ ነበር የምታያት፣ ባሏ ነፍሱን ይማረውና በእጁ የተከላት ናት። ነቅለን እንዳንወስዳት የሰው ቁመት አክላለች፣ ደግሞ ግቢው ውስጥ የተተከለ ነገር ከቤቱ ጋር የተሸጠ ነው፣ ጁን አጋማሽ ስለነበር ገዢዎቹን አስፈቅደን 20 ቀንበጥ ቆረጥን፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልዬ በኩለር ወደ ቤቴ አመጣሁት። 14ቱ ስር ያዙ። ዛሬ 3ቱ አክስቴ የምትኖርበት ቤት ደጃፍ ላይ ናቸው፣ አብበዋልም። ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፣ አንዳንዶቹ ተሳክተውልኛል አንዳንዶቹ ደጋግመው ሞተውብኛል፣ የምጽፍላችሁ እሱን ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

ከአበባው ቀለም በፊት የሚከተሉትን ለራሳችሁ መልሱ፣ ምክንያቱም ሰው ቀለም አይቶ ይመርጥና በኋላ ነው የሚቆጨው።

አንደኛ ቀንበጡ ስር ለመያዝ ምን ያህል ይቀላል፣ ጀማሪ ሰው ያለ ማሞቂያ ያለ ልዩ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ባለው ነገር ሊያሳካው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሁለተኛ መቼ ነው የሚቆረጠው፣ ስር እስኪይዝስ ስንት ጊዜ ይፈጃል። ሦስተኛ የዊንተሩን ብርድ ይችላል ወይ፣ የዲሲ አካባቢ በአብዛኛው ዞን 7 ነው ማለትም ቅዝቃዜው በክፉ ሌሊት ከዜሮ በታች 12 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊወርድ ይችላል፣ አንዳንድ የከተማው ሰፈሮች ትንሽ ይሞቃሉ። አራተኛ ጥላና ፀሐይ። አምስተኛ መርዛማነት፣ ይሄን ሰው ይረሳዋል፣ ቤቱ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ወይ ውሻ ያለበት ቤተሰብ ግን መርሳት የለበትም። ስድስተኛ አጋዘን፣ ሜሪላንድ ውስጥ ጫካ አጠገብ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ ማታ አዛሊያችሁ አበባ ነበረው ጠዋት ግንድ ብቻ ነው።

ሰባተኛው መብት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1930 ጀምሮ የዕፅዋት ፓተንት የሚባል ሕግ አለ፣ አንድ አዲስ ዝርያ ፓተንት ካለው ባለመብቱ ካልፈቀደ በቀር ቀንበጥ ቆርጦ ማባዛት ክልክል ነው፣ ለመሸጥም ባይሆን። ፓተንቱ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው የሚቆየው። በፀደይም በመከርም ደጋግመው የሚያብቡት አዳዲስ አዛሊያዎች ብዙዎቹ ፓተንት አላቸው፣ ስለዚህ ታጉን ገልብጣችሁ አንብቡ፣ ማባዛት ክልክል ነው የሚል ካለ ተዉት። የጎረቤትና የዘመድ ግቢ ውስጥ ያሉት የድሮዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ናቸው። ከፓርክና ከሕዝብ የአትክልት ቦታ ግን አንድም ቀንበጥ አትቁረጡ።

ስለ አፈሩ ጥቂት

አሲዳማነት የሚለካው በፒኤች ነው፣ 7 መሃል ነው፣ ከዚያ በታች አሲዳማ። አዛሊያና ሮዶደንድረን ከ4.5 እስከ 6 ያለውን ይወዳሉ፣ ካሜሊያ እስከ 6.5 ድረስ ይታገሳል፣ ጋርዴኒያ ከ5 እስከ 6። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፒኤቹ ከፍ ሲል አፈሩ ውስጥ ብረት እያለ እንኳን ተክሉ ሊወስደው በማይችል መልክ ይታሰራል፣ ከዚያ አዲሶቹ ቅጠሎች የደም ስራቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ይሆናል። ሰው ይሄን ሲያይ ውሃ ጠማት ብሎ ያጠጣል፣ የቧንቧው ውሃ ደግሞ ወደ አልካላይን ያደላ ከሆነ ችግሩን ይጨምረዋል።

እኛ አገር ገበሬው የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው፣ ጎጃምና ወለጋ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ ስንዴና ገብስ አልሰጥ ሲል ኖራ ነው የሚበተንበት። እዚህ ለእነዚህ ቁጥቋጦዎች ኖራ መርዝ ነው፣ ለሳር ብላችሁ ኖራ የምትበትኑ ከሆነ ከአዛሊያው ስር አርቁት። ከቤቱ የሲሚንቶ መሠረት ጋር ተጣብቆ የተተከለ አዛሊያ የሚቢጨውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ከሲሚንቶው ኖራ እየታጠበ አፈሩ ውስጥ ይገባል። የዲኤምቪ (የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አካባቢ) አፈር ደግነቱ በተፈጥሮው አሲዳማ ነው፣ ችግሩ ሸክላ መሆኑ ላይ ነው፣ ውሃ ይይዛል ስሩንም ያፍነዋል። ስለዚህ ሳትለኩ አፈሩን ይበልጥ አሲዳማ የሚያደርገውን ሰልፈር አትጨምሩ፣ አፈር ላብ ልካችሁ ውጤቱን እዩ፣ ዋጋው አንድ አዛሊያ አይሞላም።

ስለ ቡና አተላ ደግሞ ሁሉም ይጠይቀኛል፣ እኛ ቤት በቀን ስንቴ ይፈላል፣ አተላውን አዛሊያው ስር ብንደፋው አፈሩ አሲዳማ ይሆናል ይባላል። ከተፈላ በኋላ ያለው አተላ አሲዱ አብዛኛው ከቡናው ጋር ስለሚወጣ ወደ መሃል ፒኤች የቀረበ ነው፣ አፈሩን አይለውጠውም። ኮምፖስት ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው፣ በላዩ ላይ ስስ አድርጎ መበተንም አይጎዳም፣ በወፍራሙ ከተደፋ ግን ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ውሃ አያሳልፍም። ገና ስር ያልያዘ ቀንበጥ ያለበት ዕቃ ውስጥ ግን በፍጹም እንዳትጨምሩ።

አዛሊያ (ቅጠሉ የማይረግፈው)

ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል የለም። በመጀመሪያ ግን ቅጠሉ የሚረግፍ አዛሊያም እንዳለ እወቁ፣ ብርቱካንማና ቢጫ የሚያብቡት አብዛኞቹ እሱ ናቸው፣ እነዚያ በቀንበጥ ስር ማስያዝ በጣም ያስቸግራል። ዊንተር ላይ ቅጠል ካለው ትክክለኛው ነው።

ይሄ አካባቢ የአዛሊያ አገር ነው ብል ማጋነን አይደለም። ቤንጃሚን ሞሪሰን የሚባሉት፣ ዲሲ ያለው የመንግሥት የዛፍና የአበባ ማሳያ ቦታ የናሽናል አርቦሬተም የመጀመሪያው ዳይሬክተር፣ እዚሁ ሜሪላንድ ግሌን ዴል ከ1930ዎቹ ጀምሮ እያዳቀሉ 454 ዝርያ አውጥተዋል፣ ሁሉም ለዚህ አካባቢ ብርድ ተብለው የተመረጡ ናቸው። ዲሲ አርቦሬተሙ ውስጥ ማውንት ሃሚልተን ኮረብታ ላይ ኤፕሪል መጨረሻ ሄዳችሁ እዩአቸው፣ ቤተዝዳ ያለው የማክሪሊስ አትክልት ቦታም ደስ ይላል፣ የትኛው ቀለም ጥላ ውስጥ እንደሚያምር በዓይናችሁ ታያላችሁ።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ ድረስ፣ በዋዜማው እናቲቱን በደንብ አጠጡ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ የዘንድሮውን አዲስ ቀንበጥ ያዙና አጥፉት። እንደ ሳር ከተጠማዘዘ ገና ለጋ ነው ይበሰብሳል፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጊዜው ነው፣ ጭራሽ አልታጠፍ ካለ አልፎበታል። ከ8 እስከ 12 ሳንቲሜትር ቁረጡ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ ከላይ 4 ወይ 5 አስቀሩ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን እምቡጥ ቀንጥሷት። የስር ማብቀያ ሆርሞን ዱቄት ጫፉን አስነክቶ ማራገፍ ነው፣ አዛሊያ ደካማው ይበቃዋል፣ አይቢኤ የሚባለው ንጥረ ነገር ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ያለው። እንዲያውም ያለ ዱቄቱም ብዙ ጊዜ ይይዛል።

የሚተከልበት ግማሽ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ሙዝ) ግማሽ ፐርላይት (አየር የሚያስገባ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) ነው፣ የግቢ አፈር አይደለም። ፒት ሞሱን በሞቀ ውሃ አርጥቡት፣ ደረቁ ውሃ አይቀበልም፣ ከዚያ ጨብጣችሁ ጨምቁት፣ 2 ወይ 3 ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። በእርሳስ ቀዳዳ አብጁለት፣ ቀንበጡን በቀጥታ ከገፋችሁት ዱቄቱ ተራግፎ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ክዳን ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ጫማና ልብስ የምናስቀምጥበት ዓይነት፣ ከድናችሁ በቤቱ ሰሜን በኩል ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ የማይነካው ቦታ አስቀምጡት።

አንዱን ሳጥኔን ብርሃን ያግኝ ብዬ በረንዳ ላይ የምዕራብ ፀሐይ ያገኘዋል ካልኩበት አኖርኩት፣ ከስራ ስመለስ ክዳኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፣ 30 ቀንበጥ ተቀቅሎ ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ከሁሉም ስህተት የከፋው ይሄ ነው፣ በአንድ ከሰዓት ነው የሚያልቀው። ልክ የሆነ ሳጥን ክዳኑ ላይ ከውስጥ በኩል ጤዛ ይቋጥራል፣ ጤዛው ከጠፋ ውሃ ይፈልጋል፣ በየሳምንቱ አንዴ ከፍታችሁ አየር ስጡት፣ የወደቀ ቅጠልና የጠቆረ ቀንበጥ ካለ ልቀሙ።

ከ6 እስከ 10 ሳምንት በኋላ ቀንበጡን በ2 ጣት ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ተንሸራቶ ከወጣ መልሱት። ያዝ ካደረገ፣ እንደ ሕፃን ጣት ለቀቅ ሳያደርግ ከያዘ፣ ስር አለው። ስሩ እንደ ጥጥ ፈትል ቀጭን ነጭ ነው፣ አዛሊያ ትልቅ ሲሆንም ስሩ እንዲሁ ቀጭንና ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ ነው በጥልቀት ቀብራችሁ ስትተክሉት የሚሞተው።

ድክመቱ፣ መርዛማ ነው፣ ቅጠሉም አበባውም። አጋዘንም ይወደዋል።

ሮዶደንድረን (ትልቅ ቅጠሉ)

የአዛሊያ የስጋ ዘመድ ነው፣ እንዲያውም በሳይንስ አንድ ወገን ናቸው፣ ቀንበጡ ግን ሌላ ነው። የሚቆረጠው ኦገስት መጨረሻ እስከ ኖቬምበር፣ የቀንበጡ ታችኛው ጎን ላይ 2 ሳንቲሜትር ያህል ቅርፊቱን ገፎ ማቁሰል ያስፈልገዋል፣ ሆርሞኑ ጠንካራው 0.8 በመቶ የሚሆነው ነው፣ ትልልቆቹ ቅጠሎች ግማሻቸው ይቆረጣሉ፣ ከስር ደግሞ ማሞቂያ ምንጣፍ ተደርጎ ከ21 እስከ 24 ዲግሪ መሞቅ ይፈልጋል፣ ይሄ ሁሉ ሆኖ 3 እና 4 ወር ይፈጃል፣ ጭራሽ ስር የማይይዙ ዝርያዎችም አሉ። እኔ 2 ዓመት ሞክሬ በመጨረሻ ቅርንጫፉን መሬት ውስጥ መቅበር ነው ያዋጣኝ፣ እሱን ታች እነግራችኋለሁ። ቅጠሉ ትንንሽ የሆነው ሮዶደንድረን ግን ይቀላል።

የዲሲ የጁላይ ሙቀትና ሸክላ አፈር አይስማማውም፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ስሩ ይበሰብሳል። የሲያትል ልጆች ግን እናንተ ታድላችኋል፣ የዋሽንግተን ስቴት አበባ እኮ ሮዶደንድረን ነው፣ በጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ እዛ ያለ ችግር ያድጋል። መርዛማነቱ እንደ አዛሊያው ነው።

ካሜሊያ

ቤት ውስጥ ልጅ ካለ የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ መርዛማ አይደለም። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፣ አበባው ጽጌረዳ የሚመስል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያብበው ሌላው ሁሉ ደርቆ ባለበት ሰዓት ነው። ሳሳንኳ የሚባለው ከኦክቶበር ጀምሮ እስከ ዲሴምበር፣ ጃፖኒካ የሚባለው ወደ ዊንተሩ መጨረሻና ፀደይ ላይ።

ብርዱ ላይ ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ መጨረሻ 2 ክፉ ዊንተር ተከታትሎ ናሽናል አርቦሬተም የነበሩትን አብዛኞቹን ካሜሊያዎች ገደላቸው፣ ከተረፉት ጥቂቶች ውስጥ ኦሊፌራ የሚባለው ዝርያ ነበር፣ ዶክተር ዊልያም አከርማን እሱን ከሌሎቹ ጋር አዳቅለው ብርድ የሚችሉ ካሜሊያዎች አወጡ። ስለዚህ ቀንበጥ የምትቆርጡባትን እናት ስትመርጡ እዚሁ ሰፈር ውስጥ ብዙ ዊንተር ያለፈችውን ፈልጉ፣ ከጆርጂያ ዘመድ ያመጣላችሁ ሊሞት ይችላል።

የሚቆረጠው ጁላይና ኦገስት፣ ግንዱ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መቀየር ሲጀምር ነው። 10 ሳንቲሜትር፣ 2 ወይ 3 ቅጠል፣ ታችኛውን ጎን ትንሽ ማቁሰል፣ ሆርሞኑ መካከለኛው። 2 እና 3 ወር ይፈልጋል፣ አትቸኩሉ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እስከሆነ ድረስ በሕይወት አለ። ሳሳንኳ ከጃፖኒካ ይቀላል። ስር ከያዘ በኋላም ዝግተኛ ነው፣ አበባ ለማየት 3 ወይ 4 ዓመት ቁጠሩ። ጠዋት ፀሐይ በረዶ የነካውን እምቡጥ ስለሚያቃጥለው ወደ ምሥራቅ አታዙሩት።

የሻይ ተክልም ካሜሊያ ነው። ውሽውሽና ጉማሮ የሚበቅለው፣ እኛ ቅጠሉን ቀቅለን የምንጠጣው ማለቴ ነው። ዞን 7 ላይ ከነፋስ ከተከለለ ይችላል፣ መከር ላይ ትንንሽ ነጭ አበባ አለው። የሻይ እርሻዎች የሚያባዙት አንዲት ቅጠልና ከስሯ ያለች አጭር ግንድ ብቻ ቆርጠው ነው፣ ከአንድ ረዥም ቀንበጥ 5 እና 6 ችግኝ ይወጣል። አፈሩ ከ4.5 እስከ 5.5 ከሆነ በጣም ይስማማዋል።

ጋርዴኒያ

ሽታው ነው። አንድ አበባ ሳሎን ውስጥ ብታስቀምጡ ቤቱን ይሞላዋል፣ ቡና ሲፈላ ከዕጣኑ ጋር ሆኖ እንኳን ይለያል። ቀንበጡም እሺ ባይ ነው፣ ከጁን እስከ ኦገስት ቆርጣችሁ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ስር ይይዛል፣ መስኮት ላይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ እንኳን ስር ያወጣል። የውሃው ስር ግን ስስ ስለሆነ 2 ሳንቲሜትር ሲደርስ ቶሎ ወደ ፒት ሞሱ አዛውሩት።

ችግሩ ብርዱ ነው፣ አብዛኛው ጋርዴኒያ ዞን 8 ይፈልጋል። ብርድ ይችላሉ የሚባሉት ዝርያዎች ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ስር ዞን 7 ላይ ይኖራሉ፣ ግን በክፉ ዊንተር እስከ መሬት ሊቃጠሉ ይችላሉ። ድስት ውስጥ ከሆነ ዊንተር ወደ ቤት ይገባል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ማሞቂያው ሲያደርቀው እምቡጡን ያረግፋል፣ ነጭ ዝንብም ይወደዋል። አትላንታ ላላችሁ ግን ይሄ ሁሉ አይመለከታችሁም፣ ውጭ ትከሉት። ለውሻና ለድመት ጥሩ አይደለም።

ፒየሪስ

ብዙ የሀበሻ ግቢ ውስጥ አላየሁትም፣ መታየት ግን ይገባዋል። አዲሱ ቅጠል ቀይ ሆኖ ይወጣል፣ አበባው ማርች ላይ እንደ ዶቃ ተንጠልጥሎ ነጭ ነው፣ አጋዘን ደግሞ እምብዛም አይነካውም። ቀንበጡ ከኦገስት መጨረሻ እስከ መከር ይቆረጣል፣ 2 ወር ከምናምን ይፈልጋል። መርዛማ ነው፣ ከባድ ፀሐይ ላይ ደግሞ ቅጠሉን ተባይ ይመጠውና ያፈዘዋል፣ ስለዚህ ጥላ።

ማውንቴን ሎረልንም የሚጠይቁ አሉ፣ አበባው ልብ ይነካል፣ ቀንበጡ ግን በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ናርሰሪዎቹ ራሳቸው ላብራቶሪ ውስጥ ከትንሽ የተክሉ ቁራጭ ነው የሚያባዙት። እሱን ግዙት።

መግዛት፣ መቁረጥ ወይስ ቅርንጫፍ መቅበር

ሦስተኛውን መንገድ ብዙ ሰው አያውቀውም። ከመሬት ቅርብ የሆነች ቅርንጫፍ ትመርጣላችሁ፣ ከእናቷ ሳትቆርጡ ጎንበስ አድርጋችሁ የሆዷን በኩል ቅርፊት ትንሽ ትገፍፋላችሁ፣ እዛው ጋ አፈርና ፒት ሞስ አልብሳችሁ ድንጋይ ትጭኑባታላችሁ፣ ጫፏ ውጭ ይቀራል። ከዓመት በኋላ ስር ይዛ ታገኟታላችሁ፣ ከእናቷ ቆርጣችሁ ትተክላላችሁ። ሳጥን የለም፣ ሆርሞን የለም፣ የየቀኑ ክትትል የለም፣ እናቲቱ እያጠባቻት ስለሆነ አትደርቅም። ለሮዶደንድረን ከዚህ የተሻለ የቤት መንገድ አላገኘሁም። ጉድለቱ ከአንድ ተክል 2 ወይ 3 ብቻ ነው የምታገኙት፣ ደግሞ እናቲቱ ባለችበት ግቢ መቆየት አለባችሁ፣ ቤት ለሚለቅ ሰው አይሆንም።

ወጪውን በራሴ ልንገራችሁ፣ ሆርሞን ዱቄት፣ ፒት ሞስ፣ ፐርላይትና ሳጥን ተደምሮ ወደ 40 ዶላር አውጥቻለሁ፣ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ፣ ዱቄቱን ብቻ ነው የምቀይረው። በዚያ ብር ናርሰሪ 2 ትንንሽ አዛሊያ ነው የሚገዛው። ስለዚህ 1 ወይ 2 ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ግዙ፣ ጊዜያችሁም ዋጋ አለው። አጥር ሙሉ የምትተክሉ ከሆነ፣ ወይም እንደ አክስቴ ያቺን ብቻ ነው የምፈልገው የምትሉ ከሆነ ቁረጡ። ስትገዙ ግን ድስቱን አውጥታችሁ ስሩን እዩ፣ አንድ ናርሰሪ ስሩ ዙሪያውን ተጠምጥሞ እንደ ገመድ የሆነ ካሜሊያ ሸጦልኝ በዓመቱ ሞቷል፣ አይቼው ቢሆን አልገዛውም ነበር።

| ተክል | ለጀማሪ በቀንበጥ | የመቁረጫ ጊዜ | ስር ለመያዝ | ዞን 7 ብርድ | መርዛማነት | አጋዘን |
|---|---|---|---|---|---|---|
| አዛሊያ | በጣም ቀላል | ጁን–ጁላይ | 6–10 ሳምንት | ይችላል | አዎ | ይበላዋል |
| ሮዶደንድረን ትልቅ ቅጠል | ከባድ፣ ቅርንጫፍ ቅበሩ | ኦገስት–ኖቬምበር | 3–4 ወር | ይችላል፣ ሙቀት ይጎዳዋል | አዎ | ይበላዋል |
| ካሜሊያ | መካከለኛ | ጁላይ–ኦገስት | 2–3 ወር | በዝርያው ይወሰናል | የለውም | ይበላዋል |
| የሻይ ተክል | መካከለኛ | ጁላይ–ኦገስት | 2–3 ወር | ከተከለለ | የለውም | አልፎ አልፎ |
| ጋርዴኒያ | ቀላል | ጁን–ኦገስት | 4–8 ሳምንት | ይቸገራል | ለውሻና ድመት | አልፎ አልፎ |
| ፒየሪስ | መካከለኛ | ኦገስት–ኦክቶበር | 8–10 ሳምንት | ይችላል | አዎ | እምብዛም |

እና ለማን የትኛው

ከዚህ በፊት ምንም አባዝታችሁ የማታውቁ ከሆነ አዛሊያ፣ 15 ወይ 20 ቀንበጥ በአንዴ፣ ምክንያቱም ግማሹ ቢሞት እንኳን በቂ ይተርፋችኋል። 3 ቀንበጥ ብቻ ቆርጦ 3ቱም ሲሞቱበት ተስፋ የቆረጠ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ትንንሽ ልጆች ወይ ውሻ ካለ ካሜሊያ ወይ የሻይ ተክል። አዛሊያው ቀድሞ ግቢው ውስጥ ካለ ንቀሉት አልልም፣ ግን ልጆቹ ከሚጫወቱበት አርቃችሁ ትከሉ፣ ቅጠሉን ከበሉ ደግሞ ሳትጠብቁ የመርዝ መረጃ መስመር ጋ ደውሉ።

አፓርትመንት በረንዳ ብቻ ካላችሁ ጋርዴኒያ በድስት። ታውንሃውስ ሆኖ ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) የሚቆጣጠር ከሆነ አጭር የሚሆን አዛሊያ ምረጡ፣ የእናቲቱን ቁመት አይታችሁ ነው የምታውቁት፣ ልጅቷም እሷኑ ነው የምታክለው። አጋዘን በር ላይ የሚመጣባችሁ ፒየሪስ። ብላክ ዋልነት ዛፍ ያለበት ግቢ ከሆነ ደግሞ አዛሊያና ሮዶደንድረን ከዛፉ ራቅ አድርጉ፣ ስሩ የሚያወጣው ነገር ይገድላቸዋል።

ዳላስና ዴንቨር ያላችሁ አፈራችሁ አልካላይን ነው፣ መሬት ላይ መታገል ድካም ነው፣ ድስት ወይም ከፍ ያለ መደብ በጥድ ቅርፊትና በፒት ሞስ ሞልታችሁ እዛ ውስጥ አሳድጉ። ለንደን ላላችሁም የቧንቧው ውሃ ኖራ ስለሚበዛበት የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ።

ስር የያዘውን ችግኝ የመጀመሪያውን ዊንተር መሬት ላይ አትትከሉት፣ በረዶና ሙቀት ሲፈራረቁ አፈሩ ያብጥና ችግኙን ከነስሩ ወደ ላይ ያወጣዋል። ሳጥኑን ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ብርሃን የሚገባበት የማይሞቅ ጋራዥ ውስጥ፣ ወይ በቤቱ ሰሜን በኩል መሬት ውስጥ ግማሽ ቀብራችሁ በደረቅ ቅጠል ሸፍናችሁ አሳድሩት። ፀደይ ላይ 1 ጋሎን ድስት፣ በሦስተኛው ዓመት መሬት። ስትተክሉት የስሩ ጓል 5 ሳንቲሜትር ያህል ከመሬቱ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ በዙሪያው የጥድ ቅርፊት አልብሱት፣ ግንዱን ግን አይንካ።

ይሄን የምታነቡት ሴፕቴምበር ላይ ከሆነ የአዛሊያው ጊዜ አልፏችኋል፣ ፒየሪስ ግን አሁን ነው፣ ቅርንጫፍ መቅበርም ይቻላል፣ መሬቱ ሳይጠነክር ቅዳሜ ጠዋት አንድ ድንጋይና አንድ እፍኝ ፒት ሞስ ይዛችሁ ውጡ።